ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒዩተር ስለ ማስገጣጠም

በትምህርት ክፍላችን ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ። «ጌም የሚያጫውት፣ ግን ኪስ የማይጎዳ ኮምፒዩተር ላስገጣጥም ነው፤ ምን ልግዛ?» ይባላል። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ጠያቂው የያዘው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አይደለም፤ እናት ወይም ታላቅ ወንድም ከሌላ ነገር ቀንሰው የሰጡት ነው። የሚገዛው ማሽንም ለጌም ብቻ አይደለም፤ አሳይመንት ይሠራበታል፣ ኮድ ይጽፍበታል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ይጨርስበታል። አንዴ ከተበላሸበት ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኮምፒዩተር ዕቃ የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ፣ ድሮ በስህተት የሚባክነው ገንዘብና ዛሬ በስህተት የሚባክነው ገንዘብ አንድ አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኞቻችን ዕቃ የምንመርጠው በስም ነው። መጀመሪያ የፕሮሰሰሩ ስም፣ ቀጥሎ የራሙ ብዛት፣ ከዚያ የኬዙ መብራት ይታያል። ፓወር ሰፕላዩ ግን «ከኬዙ ጋር የመጣው ይበቃል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ገንዘቡ ባነሰ መጠን ደግሞ መገልበጡ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሀብታም ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፣ ደሃ ቢሳሳት ይቀመጣል።

እስቲ ከስክሪኑ እንጀምር። ግራፊክስ ካርድ የሚደክመው ስክሪኑ ላይ ባሉት ነጥቦች ብዛት ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ወደ 2 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ አለው። በሰከንድ 60 ምስል ለማየት ካርዱ እያንዳንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሠርቶ መጨረስ አለበት። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚያስገጣጥም ሰው 1080 ላይ ይርጋ። ፎርኬ የሚለውን ወሬ ለጊዜው ይርሳው።

ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» የተጻፈበት ርካሽ ዕቃ በየሱቁ አለ። እናንተ ግን ትልቁን ጽሑፍ ትታችሁ ትንሹን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ 20 አምፔር ከተጻፈ፣ 12 ሲባዛ በ20 እኩል ይሆናል 240 ዋት። እንግዲህ 500 የተባለው ለእኛ ሥራ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው! ይህን ስሌት በአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ተምረነዋል፤ ሱቅ ስንገባ ግን እንረሳዋለን። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ዕቃው ኤሌክትሪክ በአግባቡ እንደሚጠቀም ይናገራል እንጂ ስለ መከላከያው ሁሉንም ነገር አይነግረንም። ሌላም አለ። አንዳንዶቹ ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ አላቸው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ መቀያየሪያው 115 ላይ እያለ ከሰካችሁት ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውን ሁላችንም እናውቃለን። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ በእንዲህ ያለ ጊዜ ራሱን ያጠፋል፤ መጥፎው ግን ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ዩፒኤስ፣ ካልተቻለ ስታቢላይዘር፣ እሱም ካልተቻለ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል ይገባል። መንቀል በነፃ ነው።

ሦስተኛው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ለጌም ትልቁ ገንዘብ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ስም ግን ያታልላል። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው በጂዲዲአር 5 ሜሞሪ ሲሆን በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። በ2018 በዚያው ስም በዲዲአር 4 የወጣው ግን 17 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ። ከዚህም የባሰ አለ፤ የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ማየት ብዙውን ጊዜ ሐሰቱን ያጋልጣል። ሻጩን «ጋሼ፣ ሰክተው ያሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። እምቢ ካሉ አመስግኖ መውጣት ነው።

ያገለገለ ካርድ መግዛትን አልቃወምም። ኢትሪየም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም እጅግ ብዙ ካርዶች ወደ ዩዝድ ገበያ ወጥተዋል። ከነዚህ ውስጥ ደህና የሆኑ ሞልተዋል። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ይሥራ፤ ሙቀቱን እዩ፣ የፋኑን ድምፅ ስሙ። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውና 132 ዋት የሚወስደው አርኤክስ 6600 በ1080 ለመጫወት በቂ ነው። ታናሹ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ግን 4 ጊጋባይት ብቻ ከመያዙም በላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የቆየ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ጉልበቱ ይቀንሳል። የማሽን ለርኒንግ ፕሮጀክት ያሰበ ተማሪ ደግሞ ኩዳ የሚሠራው በኤንቪዲያ ካርድ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

አራተኛው ፕሮሰሰር ነው። «አይ 7 ነው እኮ!» ሲባል ዋጋው ይጨምራል። ኮር አይ 7-2600 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አራት ኮር አለው። ኮር አይ 3-12100ኤፍ በ2022 ወጣ፤ እሱም አራት ኮር አለው። በጌም ግን «አይ 3» የተባለው «አይ 7» የተባለውን በሰፊው ይበልጠዋል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ስለሚናገር፣ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ማንበብ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤፍ» የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ያመለክታል፤ ያለ ካርድ ምስል አይሰጥም። ባለ ስድስት ኮሩ ራይዘን 5 5600ም በዚህ ደረጃ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ግን ባዮሱ መታደሱን ጠይቁ። አሁን ለካርድ የማይደርስ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለውን 5600ጂ ገዝቶ ካርዱን ለከርሞ ማቆየት ይችላል።

ራም ሲገዛ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ በሁለት መንገድ ስለሚመላለስ ይፈጥናል። በተለይ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለሆነ ማሽን ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አምራቾች ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በማዘንበላቸው የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል፤ ስለዚህ ደህና ያገለገለ ዲዲአር 4 ማፈላለግ አያሳፍርም። ሃርድ ዲስክ ብቻ ይዞ መቅረት ግን አይመከርም፤ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ሃርድ ዲስክ ከዚያ ሩብ ገደማ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላጠቃልለው። ስክሪኑን ሳይጨምር ከመቶ ብር 38 ለግራፊክስ ካርድ፣ 25 ለፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፣ 20 ለራምና ኤስኤስዲ፣ 12 ለፓወር ሰፕላይ፣ 5 ለኬዝ። ኬዙ አያምርም ይሆናል፤ አየር ግን ያስገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙም ያነሰ ነው። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ለእኛ ከተማ አይሆንም።

ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ካርድ መጨመርም አንድ መንገድ ነው። ከማዘርቦርዱ ብቻ 75 ዋት ወስዶ የሚሠራ ጂቲኤክስ 1650 ይገኛል። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ግን ካርዱ አይገባም፤ ቀድሞ መለካት ነው። እንዲሁም ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስለማይቀበል፣ በጣም የቆየ ማሽን የሚገዛ ሰው ሊኑክስ ለመጠቀም ይዘጋጅ።

«ይህን ሁሉ ከማሰብ ላፕቶፕ አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። ዶርም ለሚኖር፣ መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ተማሪ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል፤ አልከራከርም። ከቤቱ ለሚመላለስ ግን ዴስክቶፕ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ይቀይራል፤ ገንዘብ ሲያገኝም ያሳድጋል። «ጌም ጊዜ ያባክናል» የሚሉ መምህራንም አሉ። እውነት አላቸው። ይሁንና ብዙዎቻችን የኮምፒዩተርን ሆድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የምንደፍረው ለፈተና ብለን ሳይሆን ለጌም ብለን ነው። ስለ ባስ፣ ስለ ካሽ፣ ስለ ባንድዊድዝ በክፍል የተማርነውን ገንዘባችን ላይ ሲደርስ እንረዳዋለን።

ለዚህም ነው ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ የማቀርበው። ከላብ የሚወጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በስቶር ከሚቆለሉ፣ በሴሚስተር አንድ ግማሽ ቀን ለፍሬሽማን ተማሪዎች መፍቻና መግጠሚያ ይሁኑ። መምህራን ባሉበት፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ሳይከፈት (ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራልና)፣ እያንዳንዱ ተማሪ ራም ይንቀል፣ ፕሮሰሰር ያስቀምጥ፣ ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካ። ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁልፉን የያዘውን ሰው ፈቃድና ጥቂት ብሎን መፍቻ ነው። እንዲህ ያለፈ ተማሪ መርካቶም ቦሌም ቢሄድ የእናቱን ገንዘብ በስም አይበላም። የጂሲ ተማሪዎችም ለማገዝ ፈቃደኞች እንደምንሆን አምናለሁ፤ እኔ ስሜን አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ በሉኝ።

ቸር ይግጠመን።