ትልቅ ሀብት ከየት ይመጣል? ከቢቸና ማሳ እስከ ሞጣ ድልድይ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ «እገሌ ከበረ» ሲባል ሁለት ዓይነት ወሬ አብሮ ይነሣል። አንደኛው «ላቡን አፍስሶ፣ ቆጥቦ፣ ሌት ተቀን ለፍቶ ያገኘው ነው፤ ይባረክለት» ይላል። ሁለተኛው «ዘመድ ኖሮት ነው፤ ባለሥልጣን አውቆ ነው፤ የድሃ ላብ ተጠራቅሞለት ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት እውነት አላቸው። ግብር እንዴት ይጣል፣ መሬት ለማን ይሰጥ፣ ልጆቻችንን ምን ብለን እንምከር የሚለው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ነገሩን በሐሜት ሳይሆን በሚዛን ማየት ይገባል።

የላብን ወገን እናስቀድም። ቢቸና የጤፍ አገር ናት። የጤፍ ዘር ደቃቅ በመሆኑ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ካልለሰለሰ አይሆንለትም። ከዚያ ማሳው በከብት ይረገጣል፣ ዘሩ ይበተናል፣ ይታረማል። ኅዳር ሲገባ ወገብ ጎብጦ በማጭድ ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ በበሬ ይበራያል፤ ነፋስ ተጠብቆ በመንሽና በላይዳ ምርቱ ከገለባው ይለያል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ገበሬ በየቀበሌው ሞልቷል። ጎረቤታሞች በአንድ ዓይነት አፈር ላይ እያረሱ አንዱ ጎተራው ሲሞላ ሌላው በሰኔ እህል የሚበደርበት ጊዜም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ትጋትና አያያዝ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ጠንካራውን ገበሬ ይበድላል።

ነገር ግን ጉልበት ብቻውን የሚያደርሰው እስከ ጥጋብ ነው። ከዚያ ወዲያ ዕውቀት ያስፈልጋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ እየደኸየ እንደሚሄድ ከመቶ ዓመት በፊት አስረድተዋል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን አዳቅለው ያወጡትና በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ዘር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የተሻለ ዘር ያገኘ ገበሬ በዚያው መሬት፣ በዚያው በሬ የበለጠ ያመርታል። ይህ ሀብት ከማንም አልተወሰደም፤ አዲስ የተፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው እንሂድ። ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ሳይጨርስ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና የልጆች ወጪ ይጠብቁታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ኩንታሉን ተሸክሞ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ክረምት ሲገባ ይሸጣል። ገበሬው «እኔ ለፋሁ፣ እሱ ከበረ» ቢል አይፈረድበትም። ነጋዴውም መልስ አለው፦ ነቀዙ፣ የመኪና ኪራዩ፣ ኬላው፣ የዋጋው መውደቅ ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ነው፤ እሱ ባይኖር አዲስ አበባ ጤፍ አይደርስም። ክርክሩ የሚለየው ገዢዎቹ ስንት እንደሆኑ ሲታይ ነው። አምስት ነጋዴ በሚወዳደርበት ገበያ የሚገኝ ትርፍ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ተመካክረው አንድ ዋጋ ከቆረጡ ግን የገበሬው ችግር ራሱ ሸቀጥ ሆኗል ማለት ነው።

ሌላው የሀብት ምንጭ ሥልጣን ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በርስት ሥርዓት የአንድ አባት ዘር ሁሉ መሬት የመጠየቅ መብት ነበረው፤ መብቱን መሬት የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት የሚሟገት አንደበትና ሹም ዘመድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲጥል የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች አመፁ። ለግብሩ የሚደረገው የመሬት ልኬታ ርስታችንን ያሳጣናል ብለው ሰጉ፤ በሹማምንቱም ተማርረው ነበር። በመጨረሻ የጎጃም አገረ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው ሹማምንቱን መጠርጠሩ ትክክል ነበር። መንግሥት ያለ ግብር ትምህርት ቤትና መንገድ መሥራት አለመቻሉም እውነት ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ከባላባት ነጥቆ የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ አራሹም እንዲጠቀምበት ፈቀደ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ መሬት አልባ የነበሩ ብዙዎች ማሳ አገኙ፤ በቀደሙት መንግሥታት ዘመን ሹመት የነበራቸውና «ቢሮክራሲ» የተባሉት ግን አንድ ሄክታር ብቻ ቀረላቸው። ለአንዱ ፍትሕ የሆነው ለሌላው ቅጣት ሆነ። ሁለቱም አንድ ትምህርት ተማሩ፦ ሀብትን የሚሰጠውም የሚነሣውም ብዕር ሊሆን ይችላል። ይህ በከተማም ይታያል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በትይዩ ገበያ እጥፍ ገደማ ያወጣ ነበር። በባንክ ዋጋ የተፈቀደለት ሰው ዕቃው ወደብ ሳይደርስ አትርፏል። ከአገር ውጭም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. በኔዘርላንድ እስኪሽረው ድረስ የጎጃም እናቶች ሲያቦኩት የኖሩት ዱቄት እዚያ የሰው ንብረት ተብሎ ተመዝግቦ ቆይቷል።

ስለዚህ ትልቅ ሀብት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የብዙ ሰው ድካም በሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ ነው። መተላለፊያን ግን መሥራትም ይቻላል፣ መዝጋትም ይቻላል። ሞጣን ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘውን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራውን ድልድይ እንመልከት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለተቆረጠ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከስልሳ ዓመት በላይ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ወንዶች ክንድ እየተጎተተ በገደሉ ላይ ይሻገር ነበር። የጎታቾቹ ክንድ አልሰነፈም፤ የነጋዴውም ትጋት አልጎደለም። የጎደለው ጥቂት ሜትር መሻገሪያ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ አስተባባሪነት ተጠገነ፤ በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ይህን ያህል የሕዝብ ትጋት በአንድ ክፍተት ታስሮ እንደኖረ ያየ ሰው «ድሃ ስለማይሠራ ነው» ለማለት አይደፍርም።

ሞጣ ሌላም ነገር ታስተምራለች። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ፤ በዓመታት የተጠራቀመ ጥሪት በአንድ ቀን አመድ ሆነ። በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ አዋጣ። ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ተኝቶ የሚያድረው ጎረቤቱን አምኖ ነው። «በራሴ ጥረት ብቻ» የሚል ባለሀብት የዚህን እምነት ዋጋ ሳይቆጥር ቀርቷል።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ያዘነብላል። ላብ የሀብት መነሻ ነው፤ ዕውቀት ያበዛዋል፤ ትልቅ ግን የሚሆነው በቦታ፣ በጊዜና በሌሎች ሰዎች ነው። ባለሀብትን ሁሉ ሌባ ማለት ግፍ ነው፤ ሀብትን ሁሉ የጀግንነት ምልክት ማድረግም ውሸት ነው። ልንጠይቀው የሚገባው «ይህ ሰው ሲከብር መንገዱ ለሌሎች ሰፋ ወይስ ጠበበ?» ብለን ነው። ገበሬ በጥር ተገዶ እንዳይሸጥ መጋዘንና ብድር ያቀረበ፣ ዘር ያባዛ፣ ድልድይ የሠራ ሰው ቢከብር ልናመሰግነው ይገባል። ፈቃድ ይዞ በር የዘጋውን ደግሞ መንግሥት በግብርና በውድድር ሊያስከፍተው ይገባል። ለልጆቻችንም እውነቱን እንንገራቸው፦ ትጋት ከልመና ያድናል፣ ሰውም ያስከብራል፤ ቱጃር ለመሆን ግን ዋስትና አይሰጥም። ተግቶ ሠርቶ ያልከበረ ሰው የሚያፍርበት ምንም ምክንያት የለም።