ባዶ ሆድና ጨለማ አሳብ

አንባቢ ሆይ፤ ጧት ቁርስ ሳይቀምሱ ከቤት ወጡ እንበል። ረፋዱን በአንድ ስኒ ቡና፣ ቀትሩን በሻይና በአንድ ዳቦ አሳለፉት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አለቃዎ በአጠገብዎ ሲያልፉ ሰላምታ ሳይሰጡዎት ቀሩ። ተማሪም ከሆኑ መምህሩ የፈተናውን ወረቀት ሲመልሱ ፊታቸው አልፈታ አለ። ያን ጊዜ በልብዎ የሚመጣው ምንድን ነው? «ጠልተውኛል፤ እኔ ለምንም አልረባም፤ ወደፊትም የተሻለ ነገር አይገጥመኝም» የሚል አይደለምን? ይህን የሚናገረው እውነት ነው ወይስ ባዶ ሆድ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. አንሰል ኪስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በጦርነት የተራበውን ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ጎልማሶችን በፈቃዳቸው ተቀብለው ምርመራ ጀመሩ። ሰዎቹ በ1945 ዓ.ም. ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ምግብ ግማሹን ያህል ብቻ እየበሉ ቆዩ፤ ከክብደታቸውም ሩቡን ያህል አጡ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የጠባያቸው መለወጥ ነው። ደስተኞች የነበሩት ተከዙ፤ በትንሹም በትልቁም ተቆጡ፤ ከወዳጅ ራቁ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። «አእምሯችን ደከመ» እያሉም አዘኑ። ሆኖም የማሰብ ችሎታቸው በፈተና ሲመዘን አልቀነሰም ነበር። እነሆ፤ ረኃብ ሰዎቹን አላደነዘዛቸውም፤ የደነዘዙ መስሎ እንዲታያቸው አደረገ እንጂ።

እንዲህ ያለውን ክፉ አሳብ ደግሞ አሮን ቤክ የተባሉ የፊላደልፊያ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ ዓመታት አጥንተውታል። ትካዜ የያዘው ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊቱ የሚመጣበትን አሳብ ሳይመረምር እንደሚቀበለው ተረዱ። መድኃኒቱም አሳቡን በግድ ማባረር ሳይሆን፣ እንደ ዳኛ ማስረጃ መጠየቅ ነው። አለቃዬ እንደ ጠሉኝ ምን ምስክር አለኝ? ምናልባት እሳቸውም የራሳቸው ጭንቀት ይዟቸው ይሆን?

ስለዚህ ሁለት ነገር ይልመዱ። አንደኛ፤ ጧት ጥቂትም ቢሆን ቀምሰው ይውጡ። ወሩ ሳያልቅ ደመወዝ ቢያልቅና ሥጋ ባይገኝ፣ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ቆሎ ክብር አይቀንሱም። ጾመኛም ከሆኑ ከሰዓቱ በኋላ ሆድዎን በሻይ ብቻ አይደልሉት። ለጥናት ተብሎ ማታ የሚጠጣ ቡናም እንቅልፍ ይነሣል። ሁለተኛ፤ ክፉ አሳብ ሲመጣብዎ በወረቀት ይጻፉት፤ በአጠገቡም የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ ያስፍሩ። ፍርዱን ግን ከበሉና ከተኙ በኋላ ይስጡ።

ይሁን እንጂ ሽሮ ሁሉን አይፈውስም። ትካዜው ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ሥራ ከነሣዎ፣ ይልቁንም ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ፣ ለብቻዎ አይያዙት። በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰው ይንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ይሂዱ። ጠበል የሚጠመቁም ቢሆኑ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አያቋርጡ። የአእምሮ ሕመም እንደ ወባ ሁሉ ሕመም ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ለመሆኑ ዛሬ ምሳ በልተዋልን? በአጠገብዎ ተቀምጦ የሚተክዘው ባልንጀራዎስ በልቶ ይሆን? ይጠይቁት።