ድራም መቺዋን ማን አባረራት?

«ግላስ ሀርት» የተባለውን የጃፓን ተከታታይ ድራማ ካየን ወዲህ ከመካከላችን አንዳንድ ወንድሞች ስለ ፍቅሩ ማውራት አላቆሙም። ፍቅሩ አማረ፣ ሙዚቃው አንጀት ይበላል ይላሉ። ሙዚቃውንስ እኛም ወደነዋል፤ አንክድም። በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተፋፍገን አሥሩንም ክፍል የጨረስነው ጠልተነው አይደለም። የምንቃወመው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ድራማው እ.ኤ.አ. በ2025 በኔትፍሊክስ የወጣ ነው። መነሻው ሚዮ ዋካጊ የተባለችው ደራሲ በ1993 የጀመረችው ልብ ወለድ ነው። አካኔ ሳይጆ የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ በሮክ ባንድ ውስጥ ድራም ትመታለች። ከባንዷ ተባረረች። ምክንያቱ? ሴት ስለሆነች! እጇ ሰንፎ አይደለም፤ ምት ስታም አይደለም። እዚህ ላይ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ ብለን ጆሯችንን አቆምን።

ጥያቄው ግን ወዲያው ተቀበረ። ናኦኪ ፉጂታኒ የሚባል ሊቅ ሙዚቀኛ ቴንብላንክ ለተባለው አዲስ ባንዱ መረጣት፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዓይናችን እንዲያይ የተፈለገው የሊቁን ሕመም፣ የሊቁን ብቸኝነት፣ አካኔ ለእሱ ያላትን ፍቅር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሳካሞቶም ለእሷ ያለውን ፍቅር ነው። በደሏ ለፍቅሩ መግቢያ በር ሆኖ አገለገለ እንጂ እንደ በደል አልተቆጠረም።

«ተመረጠች አይደል፣ ምን ጎደለባት?» የሚል አይጠፋም። ይህን «ተመረጠ» የሚሉትን ቃል እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የስም ዝርዝር በተለጠፈ ቁጥር ሮጠን የምናነብ ሰዎች ነን። የአንዷ ስም ወጣ ማለት የቀሩት ጉዳይ ተፈታ ማለት ነውን? ሊቅ ያልሰማት ሌላዋ ድራም መቺስ በየትኛው ክፍል ታየች?

በጃፓን የተደረገው ደግሞ ሌላ ነው። ሾው-ያ የተባለው፣ አባላቱ በሙሉ ሴቶች የሆኑት የሮክ ባንድ፣ በ1987 ቶኪዮ ውስጥ በሂቢያ ጣራ የለሽ መድረክ ሴት ሙዚቀኞች ብቻ የሚጫወቱበትን ዝግጅት ጀመረ። ማንም እስኪመርጣቸው አልጠበቁም፤ መድረኩን ራሳቸው አዘጋጁት። በ1989 የፕሪንሰስ ፕሪንሰስ ዘፈን በዚያ ዓመት በጃፓን ከተሸጡት ነጠላ ዘፈኖች ሁሉ አንደኛ ወጣ። ድምፁም ጊታሩም ድራሙም የሴቶች ነበር። ልብ ወለዱ ሲጀመር ይህ ሁሉ ተደርጎ አልቋል።

የጃፓን ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው? እዚሁ ሠፈራችን የሙዚቃ ጓድ ሲቋቋም እኅቶቻችን ለመቀበልና ለጭፈራ ተጠሩ፤ ድራሙ ግን «ለሴት ይከብዳል» ተባለ። ይከብዳል! በየሠርጉ ከበሮ አንግተው የሚያድሩት እነማን ሆኑና? የጓዱን መሪዎች ስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ድራማውን ከእኛው ጋር ነው ያዩት። አካኔ ስትባረር አንደኛው እንባውን ሲጠርግ አይተናል፤ በማግስቱ የድራሙን ዱላ በሣጥን ቆልፎ ሄደ።

የምንጠይቀው አጭር ነው። ሁለት እኅቶች ስማቸውን ሰጥተውናል፤ ሐሙስ በልምምድ ሰዓት ድራሙ ላይ ተቀምጠው ይሞከሩ። የቻለች ትያዝ፣ ያልቻለች ትቅር፤ ወንዶቹም በዚያው ሚዛን ይመዘኑ። ይህን የሚቃወም ካለ መልሱን ጽፎ ያምጣ፣ ሳንቆርጥ እናወጣለታለን። ወረቀት ስላጠረን ግን ከአንድ ገጽ አይብለጥ።