አረምም ተመራማሪ ይፈልጋል

«ልጄ ሐኪም ይሆናል»፣ «ልጄ ኢንጂነር ትሆናለች» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። መልካም ምኞት ነው። «ልጄ አረም ታጠናለች» የሚል ወላጅ ግን አልገጠመኝም። እኔ ይህም በኩራት ሊባል ይገባል እላለሁ።

በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬውም ተማሪውም ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚያሰኝ ትብብር ነበር። ሆኖም እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። እንዲህ ያለውን አረም ጉልበት ብቻውን አይጨርሰውም።

እዚህ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እምቦጭን የሚበሉ ትናንሽ ጥንዚዛዎች ተለቀው አረሙን ለማዳከም ረድተዋል። እንዲህ ያለ ነፍሳት ከመለቀቁ በፊት ሰብል እንደማይጎዳ መፈተሽ አለበት። ጣና ደግሞ ከቪክቶሪያ ከፍ ብሎ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ጥንዚዛዎቹ በዚያ ቅዝቃዜ ምን ያህል ይራባሉ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ ወራት የሚለፋው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው።

የፕሮሶፒስም ነገር እንዲሁ ነው። በአፋርና በኬንያ ባሪንጎ ለጥቅም ተብሎ የተተከለው ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ወረሰው። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ ያሰራጫል፤ ከላይ ሲቆርጡት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ከሰል ይሁን? ፍሬው ተፈጭቶ መኖ ይሁን? ወይስ ጨርሶ ይጥፋ? እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተካሄደው «ውዲ ዊድስ» በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ላይ ጥናታቸውን ሠርተዋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ባዮሎጂንና ሒሳብን አጥብቃችሁ ያዙ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የትኛው መምህር በመጤ አረም ላይ እንደሚሠራ፣ ለተመራማሪ ተማሪ የሚሆን በጀት እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤታችንም በሚመጣው ዓመት የሳይንስ ክበቡን ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ቢወስድና እምቦጩን በዓይናቸው ቢያሳያቸው መልካም ነው።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ «ዕፅዋት ላጥና» ስትል «ለአረም ነው እንዴ ይህን ያህል የለፋነው?» አትበሏት። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት ውሃ፣ አርብቶ አደሩ ግመሉን የሚያሰማራበት መሬት እንደ እርሷ ያለ ሰው ይጠብቃል።