ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ቤተሰብ፦ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ያሳየው የመረጃ ክፍተት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመማር ማስተማር ሥራ ላይ ነበሩ። ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ሲወሰን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በየግቢያቸው ተወስነው እንዲቆዩ መመሪያ መተላለፉ ይታወሳል። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ውሳኔው ተለወጠ፤ ተማሪዎቹም ወደየቤተሰቦቻቸው እንዲሸኙ ተደረገ።

ሁለቱም ውሳኔዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ መበተን ማለት ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከክልል ወደ ክልል በአውቶቡስ ተጨናንቆ የሚጓዝ ብዙ ሕዝብ ማንቀሳቀስ ነው። በሽታው በግቢ ውስጥ ካለም አረጋውያን ወዳሉበት ቤት ሊገባ ይችላል። በሌላ በኩል ተደራራቢ አልጋ የተደረደረበት ዶርም፣ የጋራ መታጠቢያና የተማሪዎች ካፌ ረጅም ሰልፍ ባለበት ሁኔታ አካላዊ ርቀት ይጠበቃል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነበር። በጊዜው ለአንድ ተማሪ የተመደበው የምግብ በጀት በቀን 15 ብር እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ዘግተው ለወራት ለማቆየት አቅም እንዳልነበራቸው መረዳት አያዳግትም። እጅግ ብዙ ሀብት ያላቸው የውጭ ተቋማትም ቢሆኑ ከዚህ ጥድፊያ አላመለጡም፤ በአሜሪካ የሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ወር ለተማሪዎቹ ግቢውን ለቀው እንዲወጡ የሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነበር።

በመሆኑም ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ የውሳኔው መለዋወጥ አይደለም። ይልቁንም በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ባሉት ቀናትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ወራት ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ከማን፣ በምን መንገድ ሊሰሙ ይችሉ ነበር የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ተማሪው በምደባ ከቤተሰቡ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ የሚበላው፣ የሚተኛውና የሚታከመው በተቋሙ ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 የተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከወጪው ድርሻውን እንዲከፍል ቢያደርግም፣ በትምህርት ላይ ሳለ ጠባቂው መንግሥት መሆኑን አልለወጠም። ልጁ የሚማርበትን ግቢ አንድ ቀን እንኳ ሳያይ የሚያስመርቅ አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። ይህ ወላጅ ከመንግሥት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገልጸው በሕግ ቋንቋ ሳይሆን "አደራ" በሚለው ቃል ነው።

አደራው ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊትም ተፈትኖ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተፈጠረ ግጭት የተማሪዎች ሕይወት አልፏል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት ተማሪዎችና ወላጆች ሰላማዊ የመማር ማስተማር ሂደትን ለመጠበቅ የስምምነት ቅጽ እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ወላጅ በልጁ ሥነ ምግባር ላይ ኃላፊነት እንዲወስድ ፊርማው ሲጠየቅ፣ ተቋሙ በበኩሉ ለወላጅ ምን ጊዜና እንዴት እንደሚያሳውቅ የሚገልጽ ግዴታ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ኖሮ ወረርሽኙ የተወሰነ ዝግጅት ባገኘ ነበር።

በመጋቢት 2012 ይፋዊ መረጃዎች የተሰራጩት በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በተቋማት የፌስቡክ ገጾች ነው። እነዚህ አጠቃላይ ውሳኔን ለማሳወቅ ይጠቅማሉ። "የእኔ ልጅ ባለበት ግቢ የታመመ አለ ወይ? ውኃ አለ ወይ? መኪና መቼ ይነሳል?" ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሰጡም። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ወላጅ የነበረው ምንጭ የልጁ ስልክ ብቻ ነበር። ልጅ ደግሞ እናቱ እንዳትጨነቅ ሲል ሕመሙንና ችግሩን መሸሸጉ የታወቀ ነው። ገንዘብ ሲያልቅበት እንኳ በአክስት ወይም በታላቅ ወንድም በኩል የሚናገር ወጣት ትኩሳት ቢይዘው በቀጥታ ለእናቱ ይነግራል ተብሎ አይጠበቅም። ክፍተቱን የሞላው በቴሌግራም የሚዘዋወር ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ሆነ።

የችግሩ መነሻ በዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ክፍፍል ውስጥ ይገኛል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚነጋገረው ከመገናኛ ብዙኃን ጋር ነው። የተማሪዎች አገልግሎት ዲንና የዶርም ፕሮክተሮች የሚያውቁት ተማሪውን ነው። የቤተሰብ ስም፣ አድራሻና ስልክ የሚገኘው በምዝገባ ቅጽ ላይ ሲሆን ቅጹ በሬጅስትራር መዝገብ ቤት ተቀምጧል። የታመመውን የሚያውቀው የግቢው ክሊኒክ ነው። አራቱም የየራሳቸውን ሥራ በአግባቡ ቢያከናውኑ እንኳ ከቤተሰብ የሚመጣን ስልክ አንስቶ የመመለስ ኃላፊነት የማንኛቸውም አይደለም። ጉዳዩን ከበጀት እጥረት ጋር ብቻ ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም ይህ ክፍተት በዋናነት የተጠያቂነት እንጂ የገንዘብ አይደለም።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያና ሕክምና መስጫ ሆነው አገልግለዋል። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከሌሎች አገሮች የተመለሱ ወገኖችም በአዲስ አበባ በሚገኙ ግቢዎች ተቀብለው እንዲቆዩ ተደርጓል። ይህ ተቋማቱ በችግር ጊዜ ያበረከቱት ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። ይሁንና የሚመለሱት በ15 ቀን ውስጥ መስሏቸው መጽሐፍና ልብሳቸውን በዶርም ትተው ለወጡ ተማሪዎች ንብረታቸው የት እንደደረሰ፣ በኋላም ክፍሎቹ እንዴት በኬሚካል እንደጸዱ ማወቅ ቀላል ነገር አልነበረም። አባት ልጁን ወደ ግቢ ከመመለሱ በፊት "ታማሚ የተኛበት አልጋ ላይ ነው የሚተኛው?" ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

በቤት ያለፉት ወራትም እንዲሁ የዕረፍት ጊዜ አልነበሩም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲማሩ ቢሞከርም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መንገዱ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ተማሪ ዕድሉም አልነበረውም። ከሰኔ 2012 ማብቂያ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ ደግሞ በከተማ ያሉትም ከእነርሱ ጋር ተመሳሳይ ሆኑ። ሴት ተማሪዎች በቤት ሥራ መጠመዳቸውና ለጋብቻ ግፊት መጋለጣቸው ከወንዶቹ የተለየ ሸክም ነበር። ለዓመታት በፈተናና በውጤት ሲመራ የኖረ ወጣት መቼ እንደሚመረቅ ሳያውቅ ለወራት ሲቀመጥ የሚሰማው ጭንቀት በወላጅ ዘንድ አንዳንዴ እንደ ስንፍና መታየቱም አልቀረም።

በ2013 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎችን በማስቀደም ተማሪዎቻቸውን በየተራ መልሰዋል። የአንድ ዶርም ነዋሪዎች ቁጥር እንዲቀንስና ከግቢ መውጣት እንዲገደብ ተደርጓል፤ የትምህርት ጊዜውም ተጨምቋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ የካቲትና መጋቢት 2013 በመሸጋገሩ ደግሞ አዲስ ገቢዎች ከተለመደው ጊዜ እጅግ ዘግይተው ነው የተቀበሏቸው። እርምጃዎቹ ለጤና ሲባል የተወሰዱ መሆናቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን በአጭር ጊዜ ብዙ ትምህርት፣ ከግቢ ውጭ መዝናኛ የለም፣ ጠያቂ ቤተሰብም አይገባም ሲባል ጫናው የት እንደሚወርድ ግልጽ ነው። የሥነ ልቦና ምሩቃንን ለዓመታት ሲያፈሩ የቆዩ ተቋማት ለራሳቸው ተማሪዎች የሚሰጡት የምክር አገልግሎት ከዚህ ጫና ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ይህንኑ ክፍተት በከፋ መልኩ አሳየ። ከሌሎች ክልሎች በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የተመደቡ ተማሪዎች ወላጆች ስልክ በተቋረጠበት በ2013 ክረምት የልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሰንብተዋል፤ ተማሪዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እገዛ እስኪወጡ ድረስም ሁኔታው ቀጥሏል። መስመር በሌለበት ማንም ተቋም ሊደውል አይችልም። ቢሆንም የእያንዳንዱን ተማሪ የቤተሰብ አድራሻ አስቀድሞ በአንድ ቦታ የያዘ አካል ቢኖር ወላጆች ስም ዝርዝር ፍለጋ ከቢሮ ወደ ቢሮ መንከራተት አይኖርባቸውም ነበር።

ወላጅ ሁሉን ይወቅ ሲባል ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ መኖሩ አይዘነጋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአብዛኛው ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ በመሆኑ የሕክምና ምስጢሩ የራሱ ነው። ሐኪም የምርመራ ውጤቱን ለአባቱ በስልክ ሊናገር አይችልም፤ መናገርም የለበትም። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚተላለፈው መረጃ ሁለት ወገን አለው። ስለ ግቢው አጠቃላይ ሁኔታ ማለትም ስለ ውኃ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ መጓጓዣ የሚነገረው ምንም ምስጢር የለበትም፤ በየሳምንቱ በአጭር መልእክትና በአካባቢ ቋንቋ በሬዲዮ ሊነገር ይችላል። አንድን ተማሪ የሚመለከተው ግን በእርሱ ፈቃድ ብቻ ይሆናል።

የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊነት በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሚያዝያ 2015 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ሥጋትነቱ ማብቃቱን አስታውቋል። ተማሪዎችን በየዓመቱ የሚቀበለው የሬጅስትራር መስኮት ግን በቦታው ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት ተገቢ ጊዜ ተማሪው ታሞ ክሊኒክ የተኛበት ሌሊት ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ ቅጽ የሚሞላበት ዕለት በመሆኑ፣ "ብታመም ለማን ይነገርልኝ፣ ምን ያህልስ ይነገርልኝ" የሚል አንድ መስመር በቅጹ ላይ መጨመር፣ መስመሩንም የሚያነብና የሚደውል አንድ ባለሙያ በስም መመደብ ከእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር አቅም በላይ አይደለም።