በላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ በጀት

ጎዳና ላይ ስለሚኖር ቤተሰብ ካነበብኳቸው አጫጭር ልብ ወለዶች እንደ ኡዌም አክፓን «የገና ድግስ» የከነከነኝ የለም። ናይጄሪያዊው አክፓን ታሪኩን በ2005 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርከር መጽሔት ሲያወጣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌሎች አራት ታሪኮች ጋር በመጽሐፍ ታተመ፤ ከእነዚያ አንዱ የእኛኑ አገር ልጆች የሚመለከት ነው። ይህኛው ግን የናይሮቢ ነው።

ተራኪው ጂጋና የስምንት ዓመት ልጅ ነው። አባት፣ እናት፣ እህቶቹ፣ መንትዮቹና ጨቅላው ሁሉ አንዲት ዳስ ውስጥ ያድራሉ። ገና ደርሷል፤ የሚቀመስ ነገር ግን የለም። እናትየው ረሃቡን እንዲያስታግስለት ለልጇ የጫማ ማስቲሽ ትቀዳለታለች። እዚሁ አዲስ አበባ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ያላየ ማን አለ? አይተን «ዱርዬ» ብለን እናልፋለን። አክፓን ማስቲሹን በእናት እጅ ሲያስቀዳው ግን እንደዚያ ማለፍ አይቻልም። ያ ሽታ እራት ነው። የምትቀዳውም ይህችው በመጽሐፍ ቅዱሷ ሽፋን ላይ የሰፈረውን የዘመድ አዝማድ ስም እየጠራች የምትጸልይ ሴት ናት።

እኔን የያዘኝ የቤቱ አስተዳደር ነው። ጨቅላው ለልመና በተራ ይታዘላል፤ ሕፃን የያዘ ለማኝ የተሻለ ያገኛልና። የጂጋና እህት፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ማይሻ፣ ገላዋን ትሸጣለች። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ጂጋናን ትምህርት ቤት እንዲያስገባ ይታሰባል። ኬንያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በ2003 እ.ኤ.አ. ነጻ አድርጋ ነበር፤ ዩኒፎርሙና ሌላው ወጪ ግን ከወላጅ ጫንቃ አልወረደም። ምንም የሌለው ቤተሰብ ያለውን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ አዋለ ማለት ነው። ስለ ጎዳና ሰው «የዕለት የዕለቱን ነው የሚያስበው» ስንል ይህን ዓይነቱን ስሌት አናውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርንም።

የአፍሪካን መከራ ለፈረንጅ አንባቢ የሚሸጥ ጽሑፍ ነው የሚል ይኖራል። አልስማማም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንባቢን አስለቅሶ ይሸኛል፤ አክፓን ግን እህት ወንድሟን ለማስተማር የከፈለችውን ወንድሙ እንዲያውቀው ያደርጋል። ጂጋና ሲያውቀው ትምህርቱንም ቤተሰቡንም ጥሎ ይሸሻል። ልመናውም ማስቲሹም ለምዶታል፤ የእህቱን ዋጋ ግን መሸከም አቃተው። የስምንት ዓመት ልጅ ሕሊና ነው ይህ፤ ወላጆቹን ክፉ ሳያደርግ ይህን ያሳየን ደራሲ ሊመሰገን ይገባዋል።

በአማርኛም እንዲህ ከውስጥ የተጻፈ ታሪክ እሻለሁ። በላስቲክ ቤት የሚያድር ቤተሰብ ቡሌውን (የምግብ ትርፍራፊውን) ከማን፣ በስንት ይገዛል? ሌሊት ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የሚነሣው ማነው፣ ልጁ ወይስ ብርድ ልብሱ? እናቲቱ ጨለማ ለብሳ መጸዳጃ ፍለጋ ስትወጣ ልጆቹን የሚጠብቅላት አለ? የቀበሌ መታወቂያ የሌለው አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሲሄድ አድራሻውን ሲጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል?