አደጋ የደረሰበትን ሾፌር ስለ መቅጠር፤ ለጭነት መኪና ባለንብረቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች ባለንብረቶች፣ ሥራ አስኪያጆችና የቅጥር ኃላፊዎች ሆይ፤

ዕድሜዬን የፈጀሁት በእናንተው ሥራ ውስጥ፣ በጕልምስናዬ መሪ ጨብጬ፣ ጕልበቴ ሲደክምም በስምሪት ክፍል ተቀምጬ ስለ ሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እንጀራችሁን በልቶ እንዳደገ ቤተሰብ ነው። የምነቅፈውም አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም መኪና የተገለበጠበት ወይም የተጋጨበት ሾፌር ምክንያቱ ሳይመረመር መሰናበቱ፣ ከተሰናበተም በኋላ የመልቀቂያ ወረቀቱ ተይዞበት፣ በየሄደበት ደጅ «ክሊራንስ አምጣ» እየተባለ ከሙያው ተለይቶ የሚቀርበት ልማድ ነው።

ሥጋታችሁን አላቃልልም። ዛሬ አንድ መኪና ከነተሳቢው የሚገዛው በብዙ ሚሊዮን ብር፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በባንክ ዕዳ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ቍልፉን ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ባለንብረት ሀብቱንም ዕዳውንም በማያየው እጅ ላይ ማኖሩ ነው። መንገዱም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ ከአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ብዙው የሚተላለፍበት የጅቡቲ መስመር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከአዲስ አበባ ከፍታ ተነሥቶ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በጋላፊ አልፎ፣ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ እስከ ባሕር ጠለል ድረስ የሚወርድ ሲሆን፣ ደጋው ላይ በጭጋግ፣ ቈላው ላይ ጎማ በሚያፈነዳ ሐሩር ሾፌሩን ይፈትነዋል። ስለዚህ «ንብረቴን ማን ይንዳልኝ?» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ የባለንብረት መብትም ግዴታም ነው። የእኔ ቅሬታ የምትጠይቁት ጥያቄ መልሱን ሳይሰማ የሚፈርድ በመሆኑ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሰውየውን በሚገባ ዐውቀዋለሁ፤ ያሰናበተውን ድርጅትም ዐውቀዋለሁ፣ ነገር ግን እንዲህ ያደረገው ያ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ ስሙን አላነሣም። ይህ ሾፌር ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ መሐል አገር ሲመለስ፣ ከሚሌ ወዲህ፣ ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ አስፋልቱን ሊያቋርጥ ድንገት ገባበት፤ ፍሬን ብቻ ቢይዝ የተሳቢው ክብደት ከኋላ ገፍቶ ልጁ ላይ እንደሚያወጣው ስላወቀ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ። ልጁ ተረፈ፤ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆመ፤ ተሳቢው ግን ተገለበጠና ማዳበሪያው በአሸዋው ላይ ተበተነ። የረዳቱ ግንባር ከመጫሩ በቀር በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የጎማውን ዱካ ለካ፤ የአደጋውን ፕላን አነሣ፤ እረኛውንም ጠየቀ። ይሁን እንጂ የፖሊሱ ሪፖርት ለድርጅቱ ሳይደርስ የስንብቱ ደብዳቤ ለሾፌሩ ደረሰው። በደብዳቤውም ላይ የተጻፈው «በድርጅቱ ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስዎ» የሚል ብቻ ነበር፤ ስለ ልጁ አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው በሞጆ፣ በአዳማና በቃሊቲ የሥራ ደጅ ሲጠና ቆየ። በአንደኛው ግቢ አብሬው ስለ ነበርሁ ያየሁትን እመሰክራለሁ። ፈታኙ ባለሙያ ባዶ ተሳቢ የተቀጠለበት መኪና ሰጥቶት፣ በሁለት በርሜሎች መካከል ወደ ኋላ እንዲያስገባው አዘዘው፤ ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፍ ተሳቢ ወደ ኋላ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ አይጠፋውም። ሾፌራችን ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት መኪናውን ዞረ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት መታ፤ የፍሬኑን የአየር ቱቦዎች በእጁ ዳሰሰ፤ የተሳቢውን ማያያዣ ነቀነቀ፤ ከዚያም ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ፊት ሳያቃና አስገባው። ፈታኙ «ሾፌር እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ራሱ ወደ ቢሮ መራው። በቢሮው ያለው ወጣት በአክብሮት ወንበር ሰጠውና፣ «ጋሼ፣ ካለፈው መሥሪያ ቤትዎ ክሊራንስ ይዘዋል?» ሲል ጠየቀው። «አልሰጡኝም ልጄ፤ አደጋ ነበረብኝ» አለው። ወጣቱ ፎርሙን አጠፈና፣ «እንግዲያውስ እንደውላለን» ብሎ አሰናበተው። ምን ሆኖ ተገለበጠ፣ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ፖሊስስ ምን አለ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። በወጣቱ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27፣ በንብረት ላይ ስለ ደረሰ ጉዳት ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈቅደው፣ ጉዳቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኛነት የደረሰ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ተሳቢ መገልበጡ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ከተገለበጠው ተሳቢ በስተጀርባ ያለው የሾፌሩ አሳብና ጥንቃቄ መመርመር አለበት፤ ይህም ደግሞ የፖሊሱን ሪፖርት መጠበቅን፣ የፍሬኑንና የጎማውን ይዞታ በመካኒክ ማስመርመርን፣ ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደ ተኛ መጠየቅን ያስፈልገዋል። (የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ድርጅት እምብዛም አላየሁም፤ መልሱ በስምሪት ክፍሉ በራሱ ላይ ስለሚመሰክር ይመስለኛል።) በአንቀጽ 12 ደግሞ ያው አዋጅ፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድደዋል። ድርጅቱ የሚጠይቀው ካሣ ካለ ፍርድ ቤት ክፍት ነው፤ የሰውን የሥራ ምስክር ለተሰበረ ተሳቢ መያዣ አድርጎ በመሳቢያ ውስጥ መቈለፍ ግን ከሕግም ከርትዕም የራቀ ነው።

በዚህ ላይ የተያዥ ነገር ይጨመርበታል። ሾፌር ሲቀጠር ተያዥ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ተያዡም ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ የሆነ ወንድም፣ አማች፣ ወይም የክርስትና አባት ነው። የፊተኛው ድርጅት መልቀቂያ እስካልሰጠ ድረስ የፊተኛው ተያዥ በዋስትናው እንደ ታሰረ ይኖራል፤ ለአዲሱ ድርጅትም ሁለተኛ ተያዥ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው እንዴት እንደ ተጨነቀ ያየ ዘመድ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይፈርምም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተወሰነበት ዋስትና ፈራሽ መሆኑን ደንግጎ ሳለ፣ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ልክ የሌለው ቃል የሰፈረበት ቅጽ ሲፈረም በዓይኔ አይቻለሁ። የፈረመው ሰው ሕጉን አያውቅም፤ ያስፈረመው ያውቃል።

ይህ ሁሉ መንገዱን ደኅና ቢያደርገው ኖሮ ምሬቴን ዋጥ አድርጌ ዝም ባልሁ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከእናንተ ደጅ የተመለሰው ሾፌር መንዳቱን አይተውም፤ ልጆች አሉትና። ክሊራንስ የማይጠይቅ ባለ አንድ መኪና ባለንብረት ዘንድ ይሄዳል፤ በዚያም የሚጠብቀው ዕድሜው የገፋ፣ ፍሬኑ የላላ፣ ጎማው የተላጨ መኪና ነው፤ ደመወዙም በምልልስ ብዛት የሚቈጠር ስለ ሆነ ሌሊቱን ሳይተኛ ይነዳል። ይህን ያየ ሌላው ሾፌር ደግሞ አደጋውን መሸሸግ ይማራል፤ ስንት ዓመት እንደ ነዳ ሲጠየቅ መኪና የተጋጨበትን ዘመን «ገጠር ነበርሁ» ብሎ ይዘለዋል። እንዲህ ሆኖ ለጥንቃቄ ተብሎ የወጣው ጥያቄ እውነት የተናገረውን ይቀጣል፤ የዋሸውን ይቀጥራል፤ ከአደጋው ሊገኝ ይችል የነበረው ትምህርትም፣ ያ መታጠፊያ ምልክት እንዳልነበረው፣ ያ ጎማ ቀድሞ መለወጥ እንደ ነበረበት፣ ያ ጭነት ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እንደ ነበር፣ ከሾፌሩ ጋር ተባሮ ይሄዳል።

አደጋ ይረሳ፣ ይሰረዝ አልልም። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ስለ ሆኑ፣ የዚያ አገር ደንብ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም። በዚያ አዲሱ ቀጣሪ ሾፌሩ ባለፉት 3 ዓመታት የሠራባቸውን ድርጅቶች ስለ ደኅንነት ታሪኩ እንዲጠይቅ ይገደዳል፤ የተጠየቁትም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታቸው ነው። ከዚህ ጋር ሾፌሩ ስለ እርሱ የተጻፈውን የማየት፣ ስሕተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ፣ የቀድሞ አሠሪው አላርምም ቢል የራሱን መልስ ጽፎ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝለት የማድረግ መብት በሕግ ተሰጥቶታል። እዚያም ቢሆን ከአደጋ በኋላ ሥራ ማግኘት ቀላል ነው፣ የኢንሹራንሱ ፊት ብሩህ ነው አልልም፤ ወንድሞቻችን የሚያወሩት መከራ ብዙ ነው። ነገር ግን ክሱ የተጻፈ ነው፤ ተከሳሹ ያነበዋል፤ የሚመልሰውም ቃል ተሰምቶ ይቀመጣል። በእኛ ዘንድ ክሱ በስልክ ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሌላው ይነገራል፤ የተከሰሰው ምን እንደ ተባለ አያውቅም፤ የማያውቀውንም ሊመልስ አይችልም።

የንስሓ አባት እንኳ ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው ቀኖና ሲሰጥ ዘመኑን ቈጥሮ፣ ጾሙንና ስግደቱን ለይቶ ነው፤ ቀኖናውን የፈጸመም ከቍርባን አይከለከልም። እናንተ በሾፌሩ ላይ የጣላችሁት ቅጣት ግን ቍጥርም ፍጻሜም የለውም፤ ጥፋት ባለበትና በሌለበትም ላይ እኩል ይወድቃል። በስካር የነዳውን፣ በቍልቍለት ማርሽ ነጻ አድርጎ የለቀቀውን፣ አምጥታችሁ መኪናችሁን ስጡት የሚል ሰው የለም። ሕፃን ለማትረፍ ተሳቢ የገለበጠውን ሰው ግን ከእነዚያ ጋር በአንድ መዝገብ አትጻፉት። ልትቀጥሩት ስታስቡ የፖሊሱን ሪፖርት ጠይቁት፤ አብራችሁት ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ከተጠራጠራችሁም ለጥቂት ወራት በአጭር መስመር፣ በቀን ጕዞ፣ አሠርታችሁ እዩት። ከማሰናበታችሁ በፊትም ምርመራው ይፈጸም፤ ተጽፎ ይሰጠው፤ መልሱም ይያያዝለት።

ይህን ደብዳቤ ያነበበ ባለንብረት የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ሥራ አለ። መዝገብ ቤቱን ያስከፍት፤ ተይዘው የቀሩ የሥራ ምስክር ወረቀቶች ካሉ ያስጽፍ፤ ይፈርም፤ ማኅተም ያስመታ፤ ባለቤቶቻቸውንም ጠርቶ ያስረክብ። ሕጉ ያለ ክፍያ ስጡ ያለው ወረቀት ነው።